አምስቱም ጣቶች ያልረጉበት ሰሞን

ግንቦት ሃያ ሦስት ቀን 2078 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ስኂን ሰብስቤ አውራ ጣቷን ጠራች። አውራ ጣቷ አልመለሰም።

ጉዳዩ ትንሽ ነበር። ወንበር የምትጋራት ፈትለወርቅ ቦርሳዋን አንሥታ ሌላ ረድፍ ሄዳ ተቀምጣለች፤ ለምን ሲሏትም «ዝም ብዬ» ብላለች። እንዲህ ያለው ነገር ለሳምንቱ ጥሪ ይበቃል። ኮምቦልቻ ውስጥ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ በመዝገቡ ከሰፈሩትና «ጣቶች» ከሚባሉት አምስት የሚያምናቸው አዋቂዎች ከአንዱ ጋር የሆዱን መጫወት አለበት፤ ካልተጫወተ እጁ ላይ ያለው አምባር ዓርብ ማታ ይወቅሰዋል። ስኂን ተወቅሳ አታውቅም። ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ትጠጣለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ትተኛለች፣ ጫማዋን ከማሰሯ በፊት «ዛሬ የሚሰማኝ» የሚባለውን ሦስት ዓረፍተ ነገር ለአምባሯ ትናገራለች። ልማዱ የገባት ልጅ ነበረች።

አውራ ጣቷ እናቷ እልፍነሽ ናት። ጥሪው ሦስት ደቂቃ ጠብቆ ወደ ሁለተኛው ጣት፣ ወደ መምህርት ዙልፋ አለፈ። መዝገቡ ይህን ጣት «ጠቋሚ» ይለዋል፤ ተማሪዎቹ ግን እንደ ጥንቱ «ሌባ ጣት» ነው የሚሉት፤ መምህርቷም ክፍል ስትገባ «ሌባችሁ መጣሁ» ትላለች። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ርእሰ መምህሩ በመስኮት ጠርቷት ወጥታ ነበር። እሷም አልመለሰችም። መሐል ጣቷ የአባቷ እናት እማማ ኤልዳና ናቸው፤ አልመለሱም። የቀለበት ጣቷ የቀበሌው ጤና ባለሙያ ሲስተር ፋንታዬ ናት፤ አልመለሰችም። ትንሿ ጣት የአባቷ አብሮ አደግ፣ የባጃጅ ባትሪ ጠጋኙ ጋሼ ሮቤል ነው፤ እሱ ቀድሞም ቶሎ መልሶ አያውቅም። በመጨረሻ የማታውቀው ሰው ድምፅ መጣ።

«ተጠባባቂ ነኝ። ምን ልርዳሽ፣ እኅቴ?»

ስለ ፈትለወርቅ ነገረችው። ሰውየው የተለመዱትን ሦስት ጥያቄዎች በተራቸው ጠየቃትና ውኃ እንድትጠጣ መከራት።

«አምስቱም ታመሙ እንዴ?» አለችው።

«አይ፣ አልታመሙም። አልረጉም እንጂ።»

«አምስቱም?»

ሰውየው ከአፉ እንዳመለጠው ገባው መሰል፣ «ውኃውን አትርሺ» ብሎ ተሰናበታት።

ልቡ ያልረጋ ሰው ልጅ አያናግርም፤ ደንቡ ይህ ነው። የአዋቂው አምባር አረንጓዴ ካልሆነ ጥሪው ወደሚቀጥለው ጣት ያልፋል። ብርቱካናማ የሆነበት ሰው ደግሞ ከልጁ ሠላሳ እርምጃ ርቆ እስኪረጋ ይቆማል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ተቆጥተው፣ ጠጥተው፣ ተስፋ ቆርጠው ልጅ ላይ የሚጮኹ አዋቂዎችን ብዙ ዓመት አይተው ነው። ልጆቹም ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በልብ ክፍለ ጊዜ ይለማመዱታል፦ አረንጓዴ ሲሆን ቅረቡ፣ ብርቱካናማ ሲሆን ቆዩ።

ስኂን ያን ቀን ያላወቀችውን ኮምቦልቻ ሁሉ እስከ ምሳ ሰዓት አውቆት ነበር። አባቷ ሰብስቤ ቆላ ወርዶ የፀሐይ ኃይል በሚመረትበት ማሳ ላይ መስታወት የሚያጸዱ ማሽኖችን ይጠብቃል፤ በወር አንዴ ይመጣል፤ በየማታው ይደውላል። ያን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልቡ ቆመ። አምስቱ ጣቶች በሩብ ሰዓት ውስጥ ሰሙ።

በማግስቱ ሲቀበር የስኂን ክፍል ለፈተና ዝግጅት ተብሎ ሐይቅ ዳር ተወስዶ ነበር። ስኂን ዓሣ አጥማጆቹን አንድ በአንድ እየዞረች ዓሣ ይተኛ እንደሆነ ስትጠይቅ ዋለች።

አዋቂዎቹ የተማከሩት ከቀብሩ በፊት፣ በዚያው ግንቦት ሃያ ሦስት ከሰዓት በኋላ፣ እማማ ኤልዳና ቤት ነው። ፈተናው ሰኔ አራት ይጀምራል፣ ሰኔ ስድስት ያልቃል። ተማሪ በፈተና ሰሞን መርዶ አይነገረውም፤ ይህ ከአምባሩ በፊት የነበረ፣ ከአባት የወረደ ልማድ ነው። የስንቱ ልጅ እናት በፈተና ሰሞን «ገበያ ሄዳለች» ሲባል፣ የስንቱ አባት «ለሥራ ወጥቷል» ሲባል ኖሯል። ሰኔ ሰባት ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ እንዲነገራት ተወሰነ።

ችግሩ አምባሩ ነበር። ኀዘኑ የታየበት ሰው ሊያናግራት አይችልም። እልፍነሽም ብትሆን ብርቱካናማ ከሆነች ከገዛ ልጇ ሠላሳ እርምጃ መራቅ አለባት፤ ልጅቷ ለማን ትቀራለች? ሲስተር ፋንታዬ ከቦርሳዋ ማርጊያ አወጣች። ማርጊያ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ልጥፍ ናት፤ ጀርባ ላይ፣ ከትከሻ ሥር ብራኳ ላይ ትለጠፋለች፤ ልብ ይረጋል፣ እንባ ይቀራል። እልፍነሽ ለጠፈች። መምህርት ዙልፋ ለጠፈች። ሲስተር ፋንታዬ ራሷም ለጠፈች። እማማ ኤልዳና ሁለት ጠየቁ፣ ሁለት ተሰጣቸው።

ጋሼ ሮቤል እጁን አልዘረጋም። «ሰብስቤን ልጥፍ ለጥፌ አልቀብረውም» ብሎ ወጣ።

*

«እማዬ፣ አምስታችሁም አልረጋችሁም ነበር አሉ» አለች ስኂን ያን ዕለት ማታ።

«ማን አለ?»

«ተጠባባቂው።»

«ተጠባባቂ ምን ያውቃል። የመስመር ችግር ነው። ቆላ ላይ አቧራ ተነሥቶ መስመሩ ተበላሽቷል፤ አባትሽም ለጊዜው አይደውልም።»

ስኂን ስለ አባቷ አልጠየቀችም ነበር። ይህን ልብ አለችና ለጊዜው አስቀመጠችው።

እልፍነሽ በተፈጥሮዋ ቱግ የምትል ሴት ናት። የጫማ ጭቃ ያስቆጣታል፣ ያልተከደነ ድስት ያስቆጣታል፣ የጎረቤት ዶሮ ያስቆጣታል። ድሮ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አምባሯ ብርቱካናማ ይሆንና እየተነጫነጨች እስከ አጥሩ ትሄዳለች። ስኂን በመስኮት ብቅ ብላ «ረጋሽ?» ትላለች። «ገና!» ትላለች እናትየዋ። «አሁንስ?» «አንቺ ስትጠይቂኝ ነው የማልረጋው!» ከዚያ ሁለቱም ይሥቃሉ፤ ሲሥቁ አምባሩ አረንጓዴ ይሆናል፤ እልፍነሽ ትገባለች። ቤታቸው እንዲህ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ እልፍነሽ አጥሩ ጋ አልወጣችም። ወተት ገንፍሎ ምድጃውን አለበሰው፤ «ምንም አይደል» ብላ ጠረገችው። ስኂን አንድ ብርጭቆ ሰበረች፤ «ምንም አይደል»። በሦስተኛው ቀን ስኂን ሆን ብላ ጭቃ ጫማዋን አልጋው ላይ አስቀመጠች። እናቷ አነሣችው፣ አጠበችው፣ በር ላይ አሰጣችው። አምባሯ እንደ ጎመን አረንጓዴ ነበር።

ትምህርት ቤት የምትሄድበት መንገድም ተለወጠ። በእማማ ኤልዳና ሰፈር የሚያልፈው መንገድ እየተቆፈረ ነው ተባለች፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል እንድትዞር ተነገራት። በአራተኛው ቀን ፈትለወርቅ ቦርሳዋን ይዛ ተመልሳ መጣች።

«ለምን መጣሽ?» አለቻት ስኂን።

«ዝም ብዬ።»

«ስትሄጂም ዝም ብዬ ነው ያልሽው።»

«እንግዲህ ዝም ብዬ ሄድኩ፣ ዝም ብዬ መጣሁ። ብርቱካን ብዪ።»

«ግማሹን?»

«ሙሉውን። እናቴ ናት የላከችልሽ።»

«እናትሽ አትወደኝም።»

«አሁን ትወድሻለች። እስከ ሰኔ ሰባት።»

«ሰኔ ሰባት ምን አለ?»

ፈትለወርቅ ዓይኗን ጣሪያ ላይ ተክላ ቆየች። ከዚያ ብርቱካኑን ከስኂን እጅ ነጥቃ አፏን ሞላችው፤ እንደዚያ ሆና መናገር እንደማትችል በእጇ አሳየች።

ስኂን ነገሩን እንደ ሒሳብ ያዘችው። አምስት አዋቂዎች በአንድ ጠዋት ታውከዋል። አባቷ አይደውልም። ሁሉም ሰው ደግ ሆኗል። ሰኔ ሰባት የሚደርስ ነገር አለ። ሰው ለደስታም ይታወካል፤ ባለፈው ዓመት ሲስተር ፋንታዬ ወንድሟ ሲያገባ ቀኑን ሙሉ ብርቱካናማ ሆና ከልጆቹ ርቃ ጨፍራለች። ስለዚህ መልሱ ግልጽ ነበር፤ አባዬ ጠቅልሎ ሊመጣ ነው። ከፈተናው ማግስት ሊያስደንቃት ነው። ስኂን ለሁለት ቀን ይህን በሆዷ ይዛ በደስታ ከረመች። በልብ ክፍለ ጊዜ እንኳ «ዛሬ የሚሰማኝ ምሥጢር ነው» አለች፤ መምህርት ዙልፋ ረጋ ባለ ድምፅ «በጣም ጥሩ» ብላ አለፈቻት።

ሰኔ አንድ ቀን እማማ ኤልዳና መጡ። ሁልጊዜ ሲመጡ ስለ ሰብስቤ ልጅነት ነው የሚያወሩት፤ ከዛፍ ስለወደቀው፣ ከክፍል ስለኮበለለው። ያን ቀን ስለ ጎመን አወሩ። ጎመን በዝናብ መዘግየት እንዴት እንደጠነዘለ፣ የት ሰፈር ያለው እንደሚሻል፣ ሲቀቀል ምን ያህል እንደሚያንስ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። ሰብስቤ የማኅፀናቸው ብቸኛ ፍሬ ነበር።

ማታ እልፍነሽ ቀሚሷን ስትለብስ «ዚፑን ሳቢልኝ» አለቻት። ስኂን ዚፑን ስትስብ ብራኳዋ ላይ ልጥፏን አየች። ማርጊያ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የማያውቅ ልጅ የለም፤ ቀዶ ጥገና ለሚጠብቅ ሰው፣ ፍርድ ቤት ለሚቆም ሰው ይሰጣል። ዚፑን እስከ ላይ ሳበችው። ለደስታ ማንም ማርጊያ አይለጥፍም።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«አባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ የኔ ልጅ።»

ስኂን የተማረችውን አደረገች፤ ከፊቷ ይልቅ አምባሯን አየች። አረንጓዴ ነበር። ያ አረንጓዴ ስድስት ዓመት ሙሉ ያመነችው ነው። አሁን ግን ሰው አብርቶት የሄደ መብራት መሰላት፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር አይነግርም። ያን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓቷን አልተኛችም። የሆዷን የምትነግረው ሰው ፈልጋ ጣቶቿን ቆጠረች። አራቱ አረንጓዴዎች ናቸው፤ ስለዚህም ልትጠይቃቸው አልቻለችም። አንዱ ቀረ።

*

ሰኔ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ስትወጣ የወፍጮ ቤቱን መንገድ ትታ ወደ ቦርከና ወረደች። የጋሼ ሮቤል ጋራዥ ከወንዙ ማዶ ነው። ክረምቱ ገና ስላልገባ ወንዙ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሾልክ ቀጭን ውኃ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ግን ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። ሮቤል የባትሪ ሣጥን ገልብጦ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ሲያያት ተነሣ፤ አምባሩም አብሮ ተነሣ፦ «እባክዎ፣ ከልጁ ይራቁ።»

«እዚያው ቁሚ፣ ዳኛዬ!» ብሎ ጮኸ። ዳኛዬ የሚላት ጥያቄ ስለምታበዛበት ነው።

«ቆሜያለሁ! ለምንድን ነው የማትመልሰው?»

«እኔ መቼ መልሼ አውቃለሁ?»

«ዘግይተህም ቢሆን ትመልስ ነበር!»

«አልረጋሁማ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሮቤል ወደ ድልድዩ ዞረ። ድልድዩ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ፤ ሾፌሩ ጭንቅላቱን አውጥቶ ሁለቱን አየና ፍጥነቱን ጨመረ።

«ሌሎቹ ማርጊያ ለጥፈዋል» አለች ስኂን። «እማዬ ጀርባ ላይ አይቻለሁ። አንተስ?»

«እኔ አልለጠፍኩም።»

«ለምን?»

«ያሳክከኛል።»

«ጋሼ ሮቤል።»

«እሺ፣ አያሳክከኝም።»

«አባዬ ነው?»

ሮቤል ውኃውን ተመለከተ። አምባሩ እንደገና ይራቁ አለው። «ዳኛዬ» አለ፤ ድምፁ ወንዙን ለመሻገር አልበቃም፤ እንደገና ጮኾ ጀመረው። «ዳኛዬ፣ ይሄ በወንዝ ማዶ እየተጮኸ የሚባል ነገር አይደለም። በአንድ ሰው አፍም አይባልም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ቤት ይገባል። ከዚያ ነው የሚባለው።»

ስኂን ይህን ታውቀዋለች። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከፊት ለፊታቸው ባለው ቤት በር ላይ ሰዎች ሲነጋ ተሰብስበው ቆመው ነበር። ማንም አያወራም። አንድ ሽማግሌ በሩን አንኳኩ፤ ሰዎቹ ገቡ፤ ከዚያ ከቤቱ ውስጥ እስከ ዛሬ ያልረሳችው ድምፅ ወጣ። ያን ቀን እናቷን «ምን አሏት?» ብላ ጠይቃ፣ መርዶ እንደሆነ ነግራት ነበር።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አምባሯ «ልብሽ ፈጥኗል፤ ጣቶችሽን ልጥራልሽ?» አላት። «ቆይ» አለችው።

ሮቤል ጫማውን ሳያወልቅ ውኃው ውስጥ ገባ። አምባሩ ጩኸቱን ጨመረ።

«አትምጣ!» አለች። «ይቀጡሃል።»

«ይቅጡኝ።»

«ከመዝገቤ ያወጡሃል።»

በዚህ ቆመ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አቃተው፤ ወንዙ መሐል ያገኘው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አምባሩ እየጮኸ፣ ውኃው በቁርጭምጭሚቱ እየሄደ፣ ሁለቱ እንደዚያ ቆዩ። ስኂን ካደገች በኋላ ስለዚያ ሰሞን ስትናገር ሁልጊዜ የምትጀምረው ከዚህ ነው፤ «ጋሼ ሮቤል ካልሲው እስኪበሰብስ ወንዝ ውስጥ ተቀመጠልኝ» ትላለች።

«መቼ ነው የሚሰበሰቡት?» አለችው በመጨረሻ።

«ሰኔ ሰባት ተብሏል። ለፈተናው ብለው ነው። ክፉ አስበው አይደለም።»

«እስከዚያ ድረስ እማዬ አታለቅስም?»

«ብትፈልግም አትችልም።»

ስኂን ይህን አሰበችበት። ወተቱን፣ ብርጭቆውን፣ በሩ ላይ የተሰጣውን ጫማ አሰበች። ስለ ራሷ ገና ልታስብ አልደፈረችም።

«ቀኑ ሳይደርስ ቢሰበሰቡስ?»

«ማን ይሰበስባቸዋል?»

«ቢሰበሰቡስ ነው ያልኩህ።»

«ከተሰበሰቡማ…» አለ ሮቤል፤ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ከተሰበሰቡማ ምን ይሆናሉ። ይናገሩታል።»

*

አምስቱን ጣቶች በአንድ ጊዜ መጥራት «ጭብጥ» ይባላል። እጅን ጨብጦ አምባሩን መያዝ ነው። ጭብጥ ከሆነ ደንቡ ሁሉ ይነሣል፤ የረጋም ያልረጋም በሃያ ደቂቃ ውስጥ በአካል ይመጣል። አብዛኛው ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ጭብጥ ሳይጠራ ያድጋል። ያለ ምክንያት የጠራ ልጅ በሰልፍ ፊት ይወቀሳል።

ሰኔ ሦስት ቀን፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሰማዩ ገርጣ ሲል፣ ስኂን ተነሣች። ፊቷን ታጠበች። ሁለት ብርጭቆ ውኃዋን ጠጣች። ከዚያ ያኔ በስድስት ዓመቷ ፊት ለፊት ቤት ያየችውን እያስታወሰች ሳሎኑን አሰፋች፤ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋችው፣ ፍራሽ አወጣች፣ ወንበሮቹን ዙሪያውን ደረደረች። በሩን ከፈተችው። እጇን ጨበጠች።

«አደጋ ላይ ነሽ?» አላት አምባሩ።

«አላውቅም» አለች። መልሱ እውነት ስለሆነ ተቀበለው።

መጀመሪያ የደረሰችው መምህርት ዙልፋ ናት፤ ሻሿን ገልብጣ ለብሳዋለች። ቀጥሎ ሲስተር ፋንታዬ ቦርሳዋን ይዛ እየሮጠች መጣች። እማማ ኤልዳና በባጃጅ መጡ፤ ሾፌሩ ደግፎ አወረዳቸው። እልፍነሽ ከመኝታ ቤት በሌሊት ልብሷ ወጣች፤ የተደረደሩትን ወንበሮች አየች፣ የቆሙትን ሰዎች አየች።

«ምን ሆነሽ፣ የኔ ልጅ?» አለች። ድምፁ የለሰለሰ፣ የረጋ፣ የማንም ያልሆነ ድምፅ ነበር።

ሮቤል በመጨረሻ መጣና አጥሩ ጋ ቆመ። ጭብጥ ቢሆንም እግሩ ለምዶ እምቢ አለው።

«ግባ» አለችው ስኂን። «ዛሬ ይቻላል።»

ሁሉም ተቀመጡ። እሷ ፍራሹ ላይ፣ መሐላቸው ተቀመጠች።

«ተሰብስባችኋል» አለች። «ጎህም ቀዷል። ንገሩኝ።»

አራቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ እጃቸው ላይ አራት አረንጓዴ መብራት ይበራል። እማማ ኤልዳና «ልጄ» ብለው ጀመሩና ቃሉ እዚያው ቆመ። «ልጄ» ያሉት ማንን እንደሆነ ስኂን አልገባትም።

ሮቤል ነው የተናገረው። «አባትሽ አርፏል፣ ስኂን። ሰብስቤ ሞቷል። ግንቦት ሃያ ሦስት፣ ጠዋት።» ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ።

ስኂንም አለቀሰች። ስታውቀው የነበረ ነገር ነው፤ ሲነገር ግን ሌላ ነበር። አለቀሰችና ቀና ስትል ሌሎቹ አራቱ ደረቅ ዓይናቸውን በእሷ ላይ ተክለው አየች። እናቷ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ትደባብሳለች፤ እጇ ሞቃት ነው፤ ፊቷ ገና እንደተገዛ ሳህን ባዶ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር ትላለች ስኂን።

«አንሺልኝ» አሉ እማማ ኤልዳና፤ ለሲስተር ፋንታዬ ጀርባቸውን እየሰጡ። «ሁለቱንም። አሁን።»

ሲስተር ፋንታዬ የእሳቸውን አነሣች። የእልፍነሽን አነሣች። የመምህርት ዙልፋን፣ በመጨረሻም የራሷን።

«እስኪለቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል» አለች።

ስለዚህ ጠበቁ። እንዲህ ያለ ጥበቃ ከመካከላቸው ማንም አያውቅም፤ ለቅሶ የሚመጣ እንግዳ ይመስል ስድስት ሰዎች ቁጭ ብለው የአራቱን እንባ ጠበቁ። ውጭ ወፎች ጀመሩ። ስኂን አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ሮቤል ዞረች።

«ሲሞት ቁርስ በልቶ ነበር?»

«እጁን ታጥቦ ነበር። ሥራ በሌሊት ስለሚጀምሩ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚበሉት።»

«ምን ሊበላ ነበር?»

«ምስር። ከድር ነው የነገረኝ። ከድር የሚባል ጓደኛ አለው፣ አጠገቡ ነበር።»

«ከድር ነካው? ማለቴ ይዞት ነበር?»

«ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎት ነበር።»

«ጥላ ነበረው?»

«ነበረው። መስታወቶቹ ሥር ጥላ አለ።»

«አመመኝ አለ?»

«አላለም። እጁን ታጥቦ መጣ፤ 'እስቲ ትንሽ ልቀመጥ' አለ። ተቀመጠ። በቃ።»

«ሁልጊዜ ነው እንደዚያ የሚል» አለች እልፍነሽ። ሁሉም ዞሩ። «ከመንገድ ሲገባም፣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ 'እስቲ ትንሽ ልቀመጥ'…» የሚቀጥለው ቃል ተሰነጠቀ። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አላስቆመውም። ስኂን በስድስት ዓመቷ ከፊት ለፊት ቤት የሰማችው ድምፅ ከገዛ እናቷ ሆድ ወጣ፤ ፈራች፤ ፈርታም ሄዳ ጭኗ ውስጥ ገባች።

አምባሮቹ አንድ በአንድ ብርቱካናማ ሆኑ። «እባክዎ፣ ከልጁ ይራቁ» አለ አንዱ፤ ሌላው ተቀበለው። «ዝም በል አንተ፣ ማን ጠራህ?» አሉ እማማ ኤልዳና፤ አምባራቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው፣ በዚያው ነጠላ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ልጃቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። ከተቀመጡበት ማንም አልተነሣም።

ረፋዱ ላይ እልፍነሽ ልጇን ቁልቁል አየቻት። ዓይኗ አብጧል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። «ነገ ፈተና ነበረብሽ» አለች። «ማን ነው እንደዚህ አድርጊ ያለሽ? አንቺ ጉደኛ ልጅ፣ ማን ነው ያለሽ?» እየተቆጣች ነበር። ስኂን ይህችን ቁጡ እናቷን አሥር ቀን ሙሉ ስትናፍቅ ነበር፤ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

*

ለመፈተን የመረጠችው ራሷ ናት። እልፍነሽ «ይቅርብሽ፣ ለከርሞ ይደርሳል» ብላታለች፤ ስኂን ግን ጥያቄዎቹ ምን እንደሆኑ ማየት ፈለገች።

ሰኔ አራት ጠዋት በፈተና ጣቢያው በር ላይ አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ የእያንዳንዱን ልጅ አምባር በሰሌዳው እያነበበ ያስገባል። የስኂንን አነበበና ደገመው።

«ከአምስቱ አንድም የረጋ ሰው የለሽም ይላል» አለ። «ብቻሽን ነው የመጣሽው?»

ስኂን ዞረች። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከበሩ ሠላሳ እርምጃ ላይ፣ አምስት ሰዎች ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። አምስቱም ጥቁር ለብሰዋል። እማማ ኤልዳና ሮቤል ከየትም ባመጣላቸው የባትሪ ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። መምህርት ዙልፋ ዓይኗን ትጠርጋለች። እልፍነሽ ከሩቅ በምልክት «ጫማሽን እሰሪ» እያለች ነው፤ በቁጣ።

«አይ፣ እነዚያ ናቸው» አለች ስኂን።

ተቆጣጣሪው አሻግሮ አየ። «እያለቀሱ ነው እኮ።»

«አዎ። አባቴ ሞቶ ነው። እኔም ሳለቅስ ነው ያደርኩት።» ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረችና ቀና አለች። «የት ነው የምቀመጠው?»